ፈቃድ ላይ ነው፣ ደውሉለት

አዲስ አበባ ውስጥ የዓመት ፈቃድ የወጣ ሰው የፈለገ ሐይቅ ዳር ድረስ መድከም የለበትም። ሰውየው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረፋ ይዞ ይገኛል። እዚያ ከታጣ ግቢው ውስጥ ከቀለም ቀቢ ጋር በዋጋ እየተነታረከ ነው፤ አለዚያም የመኪናውን ቦሎ ሊያሳድስ ሄዷል፤ ወይም ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ድንኳን እያስተከለ ነው። «ዛሬ ሥራ የለም እንዴ?» ብላችሁ ብትጠይቁት «ፈቃድ ላይ ነኝ» ይላችኋል፣ ድክም ባለ ድምፅ። እውነቱን ነው፤ ደክሞታል። ከሥራ የቀረው እኮ ሥራ ስለበዛበት ነው።

ሕጉ በዚህ አይታማም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ከነደመወዙ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይመርቃል። ሠራተኛው ከሥራው እስካልተሰናበተ ድረስ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥም ክልክል ነው። ይህን አንቀጽ ያረቀቁት ሰዎች ጠንቅቀው ያውቁን ነበር ማለት ነው። ክልከላው ባይኖር ኖሮ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ፈቃድ የሚያሻሽጥ ደላላ ይቆም ነበር። ማስተላለፍም ቢሆን ከሁለት ዓመት አያልፍም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ፈቃድ የምንወጣው ደክሞን ሳይሆን ቀኑ ሊቃጠልብን ሲል ነው።

እኔ የምወደው ግን ሌላ አንቀጽ ነው። ፈቃድ ላይ ያለን ሠራተኛ መጥራት የሚቻለው ያልታሰበ ሁኔታ ሲያጋጥምና በሥራ ቦታው መገኘቱ የግድ ሲሆን ብቻ ነው ይላል። ያን ጊዜም የመጓጓዣ ወጪውንና ውሎ አበሉን አሠሪው ይችላል። ምን የመሰለ ጨዋ አንቀጽ ነው! ችግሩ፣ ሲጽፉት ሰው ሲጠራ ብድግ ብሎ የሚመጣ መስሏቸዋል። ዛሬ ማን ይመጣል? ባለበት ሆኖ በቴሌግራም ይሠራል እንጂ። ቁምጣ ለብሶ ከዋርካ ሥር ቁጭ ብሎ «ሠንጠረዡ ከአባሪው ሥር ነው ያለው፣ ደህና አድርጋችሁ እዩት» እያለ ለሚጽፍ ሰው ውሎ አበል የሚያስብ ሒሳብ ክፍል ገና አልተፈጠረም።

ጣጣው የሚጀምረው ከዋዜማው ነው። ርክክብ የሚባል ነገር አለ። ሥራችሁን የምታስረክቡት ባልደረባ የራሱ ሥራ አንገቱ ድረስ ሞልቶት ሳለ የእናንተን በፈገግታ ይቀበላል። «ምንም አታስብ፣ እኔ አለሁ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ያው ግራ ከገባኝ እደውልልሃለሁ» ይላል። አለቃም ቅጹን ከፊታቸው አድርገው፣ እስክሪብቶውን ካነሡ በኋላ ቀና ይላሉ።

«መቼም ስልክህን አትዘጋም አይደል?»

«ኧረ አልዘጋም።»

ፊርማው የሚያርፈው ከዚህ ቃል ኪዳን በኋላ ነው።

የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለዚህ የቆየ ማብራሪያ አላቸው። ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች ተመራማሪ በርሊን ውስጥ ሠርታ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ ጀምሮ ያቋረጠውን አጥብቆ እንደሚያስታውስ አሳይታለች። ነገሩን ያስጀመሩት የካፌ አስተናጋጆች ናቸው ይባላል፤ ሒሳቡ ያልተከፈለውን ትዕዛዝ አንድ በአንድ ይቆጥሩታል፣ የተከፈለውን ግን ወዲያው ይረሱታል። እንግዲህ የእኛን መሥሪያ ቤት አስቡት። ሒሳቡ የተዘጋ ጉዳይ ከየት ይመጣል? ደብዳቤው ሁሉ «በሂደት ላይ» ነው። ያን ሁሉ ሂደት ጭንቅላቱ ውስጥ ጭኖ የሚወጣ ሰው፣ ሻንጣ ባይይዝም ጓዙ ብዙ ነው።

የቢሮው ሲያበቃ ደግሞ የቤቱ ይቀበላል። የአዲስ አበባ ቤት እንዲሁ ቆልፈውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ፈረቃው ደግሞ የሚውለው እናንተ በሌላችሁበት ቀን ነው። መብራት ይሄዳል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ይበላሻል። ተመልሶ ሲመጣም በኃይል ይመጣና ቴሌቪዥኑን አቃጥሎ ያርፈዋል። የጓሮ በር አለ፣ ካውያ አለ፣ ቡታጋዝ አለ፣ የውሻው ምግብ አለ። ይህ ሁሉ ትዝ የሚለው ደግሞ ቤት ውስጥ ሆነው ሳይሆን መንገድ ከጀመሩ በኋላ ነው።

የእኛ ቤት የሐዋሳ ጉዞ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ቱሉ ዲምቱ የክፍያ መንገዱ መግቢያ ላይ ካርዱን ተቀብዬ፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ ማርሽ ስቀይር ባለቤቴ ድንገት ዝም ትላለች። የዝምታዋን ዓይነት ለይቼ አውቃለሁ።

«ቧንቧውን ዘግተኸዋል?»

«የቱን ቧንቧ?»

«የጓዳውን ነዋ! ማታ ውኃ መጣ አልመጣ ብለህ ከፍተህ አይተኸው አልነበር?»

«ጠብ አላለም እኮ።»

«ማታማ ጠብ አይልም! ተራችን ዛሬ ነው።»

የክፍያ መንገድ ትልቁ ጉዱ እንዳሻህ መዞር አለመቻሉ ነው። ያለው አማራጭ ስልክ ብቻ ነው። ባለቤቴ ለጎረቤታችን ለእትዬ ደወለች። እትዬ ቁልፍ የላቸውም። ቁልፉ ያለው አማቴ ዘንድ ነው። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የአማቴ ሠራተኛ ቁልፉ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ካላዘዙኝ ግን አልሰጥም አለች። ልጅቷ እውነቷን ነው። የእትዬ ልጅ በአጥር ዘልሎ በመስኮት እንዲያይ ሐሳብ ቀረበና ውሻው ትዝ ሲለን ቀረ። ቢሾፍቱን ስናልፍ ግማሽ ሰፈሩ ስለ ቧንቧችን ያውቅ ነበር። ሞጆ ላይ መልሱ መጣ፦ ቧንቧው ዝግ ነው። ውኃውም አልመጣም።

ባለቤቴ «ተመስገን» ብላ ወንበሯን ለጠጥ አደረገችው። እኔም ትከሻዬን ፈታ አደረግሁ። ልጆቹ ዘፈን ክፈቱልን አሉ። ዝዋይ ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን እንደገና ዝም አለች።

«ካውያውስ?»

ሐዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሐይቋ አለች፣ ጥላው አለ፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል ጉሬዛ አለ። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ አባ ኮዳዎቹ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣመሩ ሽማግሌዎች መስለው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ለማረፍ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቷል። የጎደለው አራፊው ብቻ ነው።

አራፊው ምን እያደረገ ነው? ሜኑ እያነበበ ነው። ፈቃድ ላይ ያለ አባወራ ሜኑ የሚያነበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው፤ መጀመሪያ ዋጋውን፣ ቀጥሎ የምግቡን ስም። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውንም አይዘልም፤ 15 በመቶ ቫት፣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚጎርሰው ሁሉ በልቡ ተባዝቶና ተደምሮ ነው የሚወርድለት። ልጁ ሁለተኛ ጁስ ሲጠይቅ «ውኃ ይሻልሃል፣ ለጤናህ ነው» ይላል። ቤት ሳሉ ስለ ልጁ ጤና እንዲህ ተጨንቆ አያውቅም።

ያረፍንበት ሆቴል መዋኛ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አይቼ ነበር። ውኃው ደረቱ ድረስ ይመጣል። ቀኝ ክንዱን ሽቅብ አንሥቶ ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ይዟል። በየመሀሉ ፌስታሉን ወደ ጆሮው ያስጠጋና ይጮኻል፤ ፌስታሉ ስለሚንኮሻኮሽ ጆሮውን ደግሞ ይጨቁናል፤ ሲጨቁን ጥሪው ይዘጋል። መልሶ ሲደወልለት የሰማሁት ነገር አሁንም ያስቀኛል፦ «ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ስወጣ ልደውልልህ!» ብሎ መለሰ። ሲዋኝ መዋሉን ለደዋዩ መንገር አፍሯል። ሕጉ የሰጠውን ዕረፍት ተደብቆ የሚያርፍ ሰው እንዴት አድርጎ ይረፍ?

በግቢው ውስጥ ልቡ ያረፈለት አንድ ፍጡር ብቻ ነበር። ጦጣ ነው። ከገበታችን ላይ የትንሹን ልጄን ዳቦ መነተፈና ቅርንጫፍ ላይ ወጥቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ቅርፊቱን እየላጠ በላ። ርክክብ የለበት፣ እድር የለበት።

ስልክ መጮኹ ያስጨንቃል ብለን እናማርራለን። ዝም ያለ ቀን ግን ይብሳል። ከቢሮ ማንም ሳይደውል የዋለ ዕለት ሰውየው ስልኩን እያወጣ ያየዋል። ኔትወርክ መኖሩን ያረጋግጣል። ባለቤቱን «እስቲ ደውዪልኝ» ይላታል። ስልኩ ይጠራል፤ ስለዚህ ችግሩ ከስልኩ አይደለም። ያኔ አንድ ክፉ ሐሳብ ብቅ ይላል፦ እኔ ሳልኖር ሥራው ሄደ ማለት ነው? ብዙዎቻችን የምንፈራው ሥራው እንዳይበላሽ ይመስለናል። ውስጣችን ቢመረመር ግን የምንፈራው ሳይበላሽ እንዳይቀር ነው።

አንድ ማታ ራት ላይ ልጆቹ በተናገሩት ነገር እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ሳቁ ጋብ ሲል ባለቤቴ ዓይኗን እየጠረገች «ኧረ ለደግ ያድርገው!» አለች። እኔም «አሜን» አልኩ። እንግዲህ ማንም ምንም አልሆነም፤ ስቀን ነው። እኛ ዘንድ ግን ሳቅ ሲበዛ ያስጠረጥራል። ደስታ በብድር የተሰጠን ይመስለናል፤ ተበዳሪ ደግሞ በር በተንኳኳ ቁጥር ይደነግጣል። ስለዚህ ከሳቁ በኋላ ስልክ ይነሣል። «እማዬ ደህና ናት? ጋሼስ? ሰፈር ሰላም ነው?» ሁሉም ደህና ነው። ደህና መሆናቸው ራሱ ትንሽ ያጠራጥራል፤ የደበቁን ነገር ይኖር ይሆን?

የእድሩ ነገር ደግሞ አለ። ፈቃድ በወጣችሁበት ሳምንት ሰፈር ውስጥ ሰው ቢያርፍስ? ቅጣቱ ቀላል ነው፣ ተከፍሎ ያልቃል። ሐሜቱ ነው የማያልቀው። «የጎረቤቷ ቀብር ሲወጣ እሷ ሐዋሳ ዓሣ እየበላች ነበር» የሚል ወሬ ከሦስት ዓመት በኋላም በትኩሱ ይነገራል።

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አድ ቪንገርሁትስ የተባለ የኔዘርላንድ የሥነ ልቦና ምሁር ከሃያ ከምናምን ዓመት በፊት አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሥራ ላይ ሳሉ ጤነኛ የሆኑ ሰዎች ዕረፍት ሲወጡ ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ጉንፋን ይይዛቸዋል። «የዕረፍት ሕመም» ብሎ ስም አወጣለት። ሕመሙ የሚብሰው ሥራቸውን አብዝተው በሚያስቡ፣ ኃላፊነት በሚሰማቸው ሰዎች ላይ ነው። እዚያው ኔዘርላንድ ጄሲካ ደ ብሉም ባልደረቦቿን ይዛ ረዘም ያለ ዕረፍት የወጡ ሠራተኞችን እየደወለች ስታጠና፣ ደህንነታቸው ጣሪያ የነካው በስምንተኛው ቀን አካባቢ መሆኑን በ2013 እ.ኤ.አ. ጻፈች። ሥራ በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ደግሞ ወደ ነበሩበት ተመለሱ። አያችሁ የኛን ጉድ? እኛ ፈቃዳችንን በሦስትና በአራት ቀን ቆራርጠን ነው የምንወስደው። የስምንተኛው ቀን ደስታ ሲመጣ እኛ ቢሮ ገብተን ሪፖርት እያዘጋጀን ነው።

ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን ከነአካቴው ገለበጠው። ዬሩን ናቫይን የተባለ ተመራማሪ 1,530 የኔዘርላንድ ሰዎችን ጠይቆ በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ ሰው ከዕረፍቱ ብዙውን ደስታ የሚያገኘው ከመሄዱ በፊት፣ በጉጉቱ ወራት ነው አለ። ከተመለሱ በኋላ ካልሄዱት ጋር የሚለዩት ብዙም አይደሉም፤ ልዩነት የታየው «በጣም ዘና ያልኩበት ጉዞ ነበር» ባሉት ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ትልቁ ነገር መሄዱ አይደለም። የሄዱበትን ማድረጉ ነው።

ታዲያ ምን ነካን? እኔ ሳስበው ሳስበው የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ ሰው ብቻውን አያርፍም። ሌላው ሁሉ እየሠራ አንድ ሰው ለብቻው ተነጥሎ ሲያርፍ፣ ዕረፍቱ ከመጥፋት አይለይም። የሚፈለግ ሰው ደግሞ እንቅልፍ የለውም።

አያቴ የፈቃድ ቅጽ ሳይሞሉ ኖረው አለፉ። ያርፉ ግን ነበር። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ፤ ሰንበቶቹ ሳይቆጠሩ ማለቴ ነው። በነዚህ ቀናት በሬ አይጠመድም። አንዱ ጎረቤት ሰርቆ ቢያርስስ? በረዶው የሚወርደው የእሱን ማሳ መርጦ አይደለም፤ የአገሩን ሰብል ነው የሚመታው ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ሽማግሌ ተሰብስቦ ይቀጣዋል። አያቴ ጠላቸውን ይዘው ከግራሩ ሥር ሲቀመጡ «ጎረቤቴ ቀደመኝ» የሚሉበት ምክንያት አልነበረም፤ ጎረቤታቸውም ጠላውን ይዞ አጠገባቸው ተቀምጧል። መርካቶም እንዲሁ ነው፤ ጁምዓ ሲደርስ የሱቁ በር ገርበብ ይላል፣ ደንበኛውም ቆሞ ይጠብቃል። የት ሄደ ብሎ የሚቆጣ የለም፤ የሄደበት ይታወቃል።

ዛሬም ቢሆን ከተሜው የእውነት ሲያርፍ ያየሁት ፀበል ቦታ ነው። ፈቃዱን ወስዶ ጻድቃኔ ማርያም ሱባኤ የሚገባውን ሰው ተመልከቱት። ከሌሊቱ ይነሣል፣ ውኃው አጥንት ይሰብራል፣ ምግቡ ቆሎ ነው፣ መኝታው መሬት ነው። ሆቴል ውስጥ እንዲህ ቢደረግበት ገንዘቤ ይመለስልኝ ይል ነበር። ሲመለስ ግን ፊቱ ጠርቶ፣ ድምፁ ረግቶ ነው። እምነቱ የሠራው ሥራ አለ፤ እሱን ለባለቤቱ እተወዋለሁ። ሌላው ምክንያት ግን ግልጽ ነው፤ ማንም አይደውልለትም። «ፀበል ነው ያለው» ሲባል ደዋዩ ራሱ ደንግጦ «ይቅርታ፣ በረከቱን ያድርስልን» ብሎ ይዘጋል። «ሐዋሳ ነው ያለው» ሲባል ግን «ታዲያ ሐዋሳ ኔትወርክ የለም እንዴ?» ይላል።

አብሮ ማረፍን ፈረንጆቹም ደርሰውበታል። ፈረንሳዮች በ1936 እ.ኤ.አ. በሊዮን ብሉም መንግሥት ዘመን የሁለት ሳምንት የሚከፈልበት ዕረፍት በሕግ ሲሰጣቸው ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ በባቡር ወደ ባሕር ዳርቻ ጎረፈ። እስከ ዛሬም ኦገስት ሲመጣ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር በሩ ላይ ወረቀት ለጥፎ ይሄዳል። ጀርመን ውስጥ ዳይምለር የተባለው የመኪና አምራች ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. የተነገረለት ዘዴ ነበረው፤ ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ሳለ የሚላክለት ኢሜይል እንዲጠፋ ማድረግ ይችል ነበር። ላኪው «ሰውየው ፈቃድ ላይ ነው፣ ደብዳቤህ ተሰርዟል፣ ከቸኮልክ ለእገሌ ጻፍ» የሚል መልስ ይደርሰው ነበር። ይህን እኛ ጋ የሚሞክር መሥሪያ ቤት ቢኖር «ደብዳቤዬን ሰረዘብኝ» የሚል አቤቱታ እስከ ሚኒስትር ድረስ ይሄድ ነበር።

ለነገሩ እኛም አገር አብሮ የሚያርፍ መሥሪያ ቤት አለ። ፍርድ ቤት ነው። ክረምት ላይ መደበኛው ችሎት ይዘጋል። ዳኛው ሲያርፍ ጠበቃውም ያርፋል፣ ከሳሽም ያርፋል፣ ተከሳሽም ያርፋል። ነገር ግን ፍርድ ቤቱ ጭልጥ ብሎ አይጠፋም፤ የማያስተኛ አስቸኳይ ጉዳይ ያለው ሰው ተረኛ ችሎት ይቀርባል። ጉዳዩ አስቸኳይ ካልሆነ ይቀጠራል። ይህን ሳስብ «ለካ ሲፈለግ የነበረው ይኸው ነው!» አልኩ። ቶማስ ቦርኮቬክ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁርም በ1983 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ተመሳሳይ ነገር ሞክሯል፤ ጭንቀታሞችን «አትጨነቁ» ከማለት ይልቅ በቀን ግማሽ ሰዓት መጨነቂያ ጊዜ መደበላቸው። በሌላ ሰዓት የመጣውን ጭንቀት ለዚያ ሰዓት ያቆዩታል። ጭንቀታቸውም ቀለለ። ሰውየው ሳያውቀው የሐበሻን ተረኛ ችሎት አቋቁሟል።

እኛም ቤት ችሎቱ ተቋቋመ። የሚሰየመው ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ከቡናው ጋር ነው። ቦታው ሐይቁ ዳር ያለችው ጠረጴዛ ናት። ሬጅስትራሯ ትልቋ ልጃችን ስትሆን፣ ጠዋት ወይ እኩለ ቀን ላይ «እኔ እምለው…» ብሎ የጀመረን ሁሉ «መዝገብ ይከፈትልዎ» ብላ ደብተሯ ላይ ትጽፈዋለች። ከዚያ በኋላ እስከ 11 ሰዓት ስለዚያ ጉዳይ ማውራት ችሎት መድፈር ነው።

በካውያው ጉዳይ ባለቤቴ አመልካች ሆና ቀረበች። ችሎቱ መረመረ። ካውያው ተሰክቶ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ስለ ቧንቧው የደወለውን ያህል ስለ ጭሱም ይደውል ነበር በማለት መዝገቡን ዘጋ። በእድሩ ጉዳይ ወንድሜ ውክልና ተሰጠው፤ ቀብር ካለ በሁለታችንም ስም ይወጣል፣ ስማችንንም ያስመዘግባል። በበጀት ጉዳይ የቀረበው የእኔ አቤቱታ ተቀባይነት አገኘ፤ የነገው ምሳ አሞራ ገደል እንዲሆን፣ ዓሣውም እዚያው ተጠብሶ እንዲበላ ተወሰነ። ከሜኑው በርካሽነትም በጣዕምም በለጠ። ትንሹ ልጃችን በጦጣው ላይ የመሠረተው የካሳ ክስ ግን ተከሳሹን ማቅረብ ስላልተቻለ ውድቅ ሆነ፤ ይግባኙን በጩኸት አሰምቷል።

ከቢሮ የመጡትም እዚሁ ይታዩ ነበር። «እገሌ የጻፈው ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል» የሚል መልእክት ሲመጣ ሬጅስትራሯ ትቀበለዋለች። አስቸኳይ የሆነው ያን ዕለት 11 ሰዓት ላይ አጭር መልስ ያገኛል። ያልሆነው ሥራ ለምገባበት ሰኞ ይቀጠራል። ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ያልተጨረሰ ጉዳይ ጭንቅላትን ለቅቆ የሚሄደው ሲጨርሱት ብቻ አይደለም፤ መቼና እንዴት እንደሚጨርሱት ሲቆርጡለትም ይለቃል። ፍርድ ቤት ስንመላለስ «ቀጠሮ፣ ቀጠሮ፣ አሁንም ቀጠሮ!» እያልን የረገምነው ነገር ለካ መድኃኒትነትም አለው።

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ልቤን ሰቅሎ ያስጻፈኝ ጉዳይ 11 ሰዓት ላይ ሲነበብ ብዙውን ጊዜ ባለጉዳዩ አይቀርብም። «የእርስዎ ጉዳይ ነው፣ ያስረዱ» ስባል ምን እንደነበር አጣዋለሁ። መዝገቡ ባለቤት አጥቶ ይዘጋል። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ችሎቱ ሥራ ፈትቶ ወሬ ይጀምራል።

መልሱ ላይ ልማዳችን አልቀረልንም። መቂ ላይ ቆመን ሽንኩርትና ቲማቲም ጫንን፤ «ሐዋሳ ሄደው ባዶ እጃቸውን መጡ» እንዳንባል ዓሣውም በበረዶ ታሸገ። አማቴ ቦርሳውን እያዩ «ሽንኩርቱ እዚህም ይህን ያህል ነው እኮ» አሉ። ሰኞ ቢሮ ስገባ ከፊሉ «ወፈርክ»፣ ከፊሉ «ከሳህ፣ አሞህ ነበር?» አለኝ። ሥራው አልተቃጠለም። የቀጠርኳቸው ጉዳዮች ግማሾቹ እኔ ሳልኖር ራሳቸው ተፈትተዋል። ትንሽ ቅር አለኝ፤ ችዬ አሳለፍኩት።

በሳምንቱ አለቃችን በተራቸው ፈቃድ ወጡ። እኔም ብቻውን የሚያርፍ ሰው የለም ካልኩ ዘንድ፣ የሚያሳርፈው ወደ ኋላ የቀረው ሰው መሆኑ ገባኝ። ባልደረቦቼን ሰብስቤ ቃል አስገባኋቸው፤ ማንም አይደውልም፣ የሚያስቸግር ነገር ካለ እኛው እንፈታዋለን፣ ካልተቻለን እስኪመለሱ ይቀጠራል። ሁሉም በደስታ ተስማማ። አንድ ቀን ሙሉ ቢሮው በሰላም ዋለ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ናቸው።

«እንዴት ናችሁ? ሰላም ነው?»

«ሰላም ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? ዕረፍት እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ደህና ነው። ቢሮ ምንም ችግር የለም?»

«ኧረ ምንም የለም። እርስዎ ብቻ ይረፉ።»

ዝም አሉ። ከጀርባቸው ውኃና የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

«እርግጠኛ ነህ? የጠየቀኝ ሰውም የለም?»

አሳዘኑኝ። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማኅደር ጠረጴዛዬ ላይ፣ እፊቴ ተቀምጧል። እጄን ጫን አደረግሁበትና «እንዲያውም ልደውልልዎ ስል ነበር» አልኳቸው። «ያ የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ማኅደር የት ነበር የሚቀመጠው?»

«ብዬ ነበር እኮ!» አሉ፤ ድምፃቸው ወዲያው ታደሰ። የትኛው ቁም ሣጥን፣ የትኛው መደርደሪያ፣ የምን ቀለም ማኅደር እንደሆነ አንድ በአንድ አስረዱኝ። ሲጨርሱ «በል፣ እንግዲህ እኔ ልረፍበት፣ አትደውሉ» ብለው ዘጉት። ያን ቀን ዋናተኛ ሆነው እንደዋሉ ሲመለሱ ነገሩን።